ሁለት ጭስ ለሴት፣ አንድ ጭስ ለወንድ

አይን ሰፍሳፍ፣ ከቱኒዚያ በኩል
የሰፈር ወር 22

ለወንድሜ ለቡጀምዓ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ናችሁ? እማ ተርኪያ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹ፣ በጎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? ሰላምታውን የማስረዝመው የሚቀጥለውን መጻፍ ፈርቼ እንደሆነ ይገባሃል። ስለዚህ ልጀምር።

ልጅህ ለሚን በሕይወት አለ። በሹፌሩ በሐሙዳ በኩል የላክኸው ጥያቄ ይኸው ብቻ ስለነበር መልሱን አስቀደምኩልህ። አለ፤ ግን ታስሯል።

እህትህን፣ ባለቤቴን ሐዳን፣ ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናት፤ አላህ ይርሐማት። አንተ ወገብህ ይዞህ መምጣት ባትችልም ልጅህ ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ደረሰ፤ ከእኔ ጋር ወደ መቃብሯ ወረደ። በራስጌዋ እኔ፣ በግርጌዋ እሱ ሆነን አስተኛናት። የሴት ልጅ ሬሳ እንደሚያዝ ነው የያዛት፤ አሳድገኸዋል። ስትሞት ምን አለች ላልከው፣ ስምህን ጠርታለች። የቀረውን ዓይን ለዓይን ስንተያይ እነግርሃለሁ።

ለሚን ሲመለስ ልጄ ራድያ ዳቦና የወይራ ዘይት ቋጠረችለት። ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ ያዙት። የያዙት የእኛዎቹ ብቻ አይደሉም፤ የእናንተዎቹም ብቻ አይደሉም። ሁለቱም ናቸው፣ አብረው። በዕድሜዬ የሁለቱ አገር ወታደር ጎን ለጎን ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር። አሁን አየሁ፤ በመካከላቸው የሚሄደው የሚስቴ ወንድም ልጅ ነበር።

ወዲያው ወደ ጣቢያው ወረድኩ። ሻምበሉ ወጣት ነው፤ «ሐጂ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ሐጅ አላደረግሁም፣ መካን በቴሌቪዥን ነው የማውቃት ስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰብሰብ አደረገና ጠየቀኝ።

«ረቡዕ ጠዋት ከቤትህ ጀርባ ጭስ ወጥቷል።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያነደድኩት።»

«ሁለት ቦታ ነበር።»

«ሁለት ነው እንጂ። ሁለት ጭስ ለሴት፣ አንድ ጭስ ለወንድ።»

አንድ በአንድ አስረዳሁት። የጥብስ ቅጠል እርጥቡን ከጥድ ፍም ላይ ሲጥሉት ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ፤ ከእናንተ መንደር ያየው ሰው ሥራውን ጥሎ እንደሚመጣ፤ ሬሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር መልበስ ስላለበት ከጭስ የሚፈጥን መልእክተኛ እንደሌለን፤ አያቶቻችን ድንበር የሚባል ነገር ሳይሰመር ጀምረው እንዲህ ሲጠራሩ እንደኖሩ ነገርኩት። በደንብ አዳመጠኝ። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ያስቀራኝ ሸይኽ እንኳ እንደዚያ አላዳመጠኝም። እኔ አወራሁ፣ እሱ ጻፈ። ስልክ የለህም ወይ አለኝ። የተራራውን የስልክ ምሰሶ የነቀላችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ አልኩት። ይህንንም ጻፈ።

ነገሩ ግልጽ ሆኖለታል ብዬ አምናለሁ። ነገ እንለቀዋለን ብሎኛል።

ወንድምህ ላዝሃር


ውልጃ፣ ከአልጄሪያ በኩል
ረቢዑል አወል 9

ላዝሃር፣

ወዐለይኩም ሰላም። «ነገ ይለቁታል» የሚለው ሁለተኛው ደብዳቤህም ደርሶኛል። ነገ የሚባለው በእናንተ አገር መቼ ነው የሚመጣው?

ወገቤን በሻሽ አስሬ ወደ ተበሳ ከተማ ወረድኩ። ልጄን ፈልጌ ነው አልኩ። ያለው በእነሱ እጅ ነው አሉኝ። እናንተስ አብራችሁ አልነበራችሁም ወይ ብል፣ ነበርን፣ ግን የተያዘው በእነሱ መሬት ላይ ነው አሉ። እንግዲያው ጠይቁልኝ አልኳቸው። የሚጠይቀው የጋራ ጸጥታ ቢሮው ነው፣ ቢሮው ደግሞ ያለው በእነሱ ከተማ ነው። እንዲህ እያሉ አዞሩኝ። በመጨረሻ አንዱ ጸሐፊ አዘነልኝ መሰለኝ ከወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አነበበልኝ። «ተጠርጣሪው ድንበር የተሻገረው በምልክት ተጠርቶ መሆኑን፣ የምልክቱ ባለቤት በራሱ አንደበት አረጋግጧል።»

የምልክቱ ባለቤት ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ያንተን ስም ጠራልኝ።

ሰው እንዴት በአፉ የዘመዱን ልጅ ያስራል? ሁለት ለሴት አንድ ለወንድ እያልክ ለወታደር ስትዘምር ምን ነበር የመሰለህ? እነሱ ተራራው ላይ ዋሻ ውስጥ ለተደበቁት ገዳዮች የሚላክ ምልክት ሲያሳድዱ የከረሙ ሰዎች ናቸው። ሰርግ ላይ እንደተጠራ ሽማግሌ ቁጭ ብለህ ተረክህላቸው። «የምን ጭስ? ቆሻሻ ነው ያቃጠልኩት» ማለት ምን ነበረበት? አንተ ግን አትዋሽም። ውሸት ሐራም ነው። የኔ ልጅ እስር ቤት መበስበስ ሐላል ነው።

ተናድጃለሁ፣ አልደብቅህም። በእህቴ ሐዘን ላይ እንዲህ መጻፌን አላህ ይቅር ይበለኝ።

ይደበድባሉ ይባላል። እውነቱን ጻፍልኝ። ጫማውስ? ሲሮጥ ማሰሪያውን እንኳ አላሰረም ነበር። ጭሱን መጀመሪያ ያየችው እማ ናት፤ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሁለት ነው፤ ሐዳ ናት» አለች። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። አሁን ለሚን የት ሄደ ስትለን ተበሳ ሥራ አግኝቷል እንላታለን። እማ ደህና ናት።

ቡጀምዓ


አይን ሰፍሳፍ
ረቢዑል አወል 20

ለወንድሜ ለቡጀምዓ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስድብህን ተቀብያለሁ፤ ካንተ በፊት እኔው ለራሴ ሰጥቼው ስለነበር አዲስ አልሆነብኝም። አንድ ነገር ብቻ ልመልስልህ። ብዋሽ ኖሮ ጭሱን ያዩት ሰዎች ውሸቴን ይዘው የባሰ ይጠረጥሩት ነበር። ይህን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ማጽናኛው ግን እስከሚቀጥለው ሶላት ድረስ እንኳ አይቆይልኝም።

ጫማ ወስጄለታለሁ፤ የኔ ስለሆነ ይሰፋዋል፤ ማሰሪያ ግን አይፈቀድም። ምግብ ራድያ ትልክለታለች። ስለ ድብደባው ጠይቀኸኛል። በበሩ ቀዳዳ አነጋገርኩት፤ ድምፁ ደህና ነው።

የጋራ ቢሮው ጋ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ባንዲራ ተሰቅሏል። ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ሻምበል፣ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ አለ። ሻዩን ይጋራሉ። የልጅህን ጉዳይ ግን አይጋሩም። የኛው ሻምበል፣ ልጁ የእነሱ ዜጋ ስለሆነ እነሱ በጽሑፍ ካልጠየቁን አንለቅም አለ። ታዲያ ጠይቁት፣ ይኸው አጠገብህ ተቀምጧል አልኩት። የእናንተው ወፍራም ሻምበል የጎረሰውን ተምር ዋጥ አደረገና፣ «ሐጂ፣ እኛ ደግሞ መያዙን በጽሑፍ እስኪያሳውቁን እየጠበቅን ነው» አለኝ። በክፉ አልነበረም። ለእኔም ተምር ዘረጋልኝ። ደሜ የፈላው ያኔ ነው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አትሳሳት፣ ቡጀምዓ። ወታደር አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። የአጎቴን ልጅ ምባረክን አልረሳሁም። በጎቹን እንደያዘ ከዋሻ የወጡት ሰዎች ሲያርዱት፣ ሬሳውን በአህያ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ያንተም መንደር የኔም መንደር ሸንተረሩ ሥር ተሰብስቦ የጮኸውን ታስታውሳለህ? ገዳዮቹ መስመሩን በተሻገሩ ቁጥር የአንደኛው አገር ወታደር ቆሞ ያያል፤ ለምን ሁለቱ መንግሥታት አይነጋገሩም አልን። እኔም ከየሶላቱ በኋላ «ያ አላህ፣ ልባቸውን አስማማልን» እያልኩ ዱዓ አደረግሁ። ይኸው ዱዓዬ ተሰማ፤ ተስማሙ፤ ተነጋገሩ። የተነጋገሩት ግን ስለ እኛ ነው። ገዳዮቹ አሁንም ዋሻቸው ውስጥ ናቸው። እነሱ ደግሞ ብልጦች ስለሆኑ ጭስ አያጨሱም።

ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ቆመህ ከተቆጣህ ተቀመጥ፣ ካልበረደልህ ጋደም በል ብለዋል። ተቀመጥኩ። ጋደም አልኩ። የሐዳ መስገጃ ከኔ መስገጃ አጠገብ እንደተዘረጋ ነው፤ አላነሳሁትም። ወደ እሱ ዞሬ ብተኛም አልበረደልኝም። ሱጁድ ላይ ሆኜ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል፤ ይህ ሶላት ተቀባይ ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

እማ ተርኪያን ሳምልኝ። እውነት ደህና ናት?

ላዝሃር


አይን ሰፍሳፍ
ረቢዑ ሳኒ 14

ለወንድሜ ለቡጀምዓ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሐሙዳ ከናንተ በኩል የሰማውን ነግሮኛል፤ ስለዚህ ወረቀቱ አንተም ጋ ደርሷል ማለት ነው። ፈረምህ ወይ ለሚለው ጥያቄህ መልሴ፣ አልፈረምኩም።

ሻምበሉ በመኪና ቤቴ ድረስ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ስለ ሐዳ ፋቲሓ ቀራ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚያናድደኝ ጨዋነቱ ነው። እኔና አንተ የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች ሆነን የምንፈርመው ወረቀት አወጣ። ጭስ ዳግመኛ አይወጣም። ሰው ሲሞት ለቅርቡ ጣቢያ ይነገራል፣ ጣቢያው ለጋራ ቢሮው ይልካል፣ ቢሮው ለማዶው ጣቢያ፣ ያ ጣቢያ ደግሞ ለዘመድ ያደርሳል። ስሙ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈ ዘመድ በተራራው ሳይሆን በኬላው ያልፋል። ይህን ከፈረማችሁ ልጁ በማግስቱ ይፈታል፤ የሁለቱ አገሮች መግባባት የመጀመሪያ ፍሬ ይሆናል አለኝ።

«እስከዚያ ድረስ ሬሳውን ምን እናድርገው?» አልኩት።

«ሐጂ፣ ቢሮው ፈጣን ነው።»

«ለሚንን ለመፍታትም እንዲሁ ፈጥኗል?»

ተነሣ። ጫማውን ሲያደርግ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ልጁ ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሌለበትን ሰው መያዣ አድርጎ ልማዳችንን ቤዛ የሚጠይቅ ከዋሻው ሰዎች በምን ይለያል? ይህን ለሻምበሉ አላልኩትም፤ ለአንተ ግን እላለሁ። አባታችሁ የሞተ ቀን ሐዳ ሊጥ በእጇ እንደያዘ ነበር ጭሱን ያየችው። አንድ ነው፣ አባቴ ነው አለች። ሊጡ እጇ ላይ ደርቆ ነው ቀብሩ ላይ የደረሰችው። እኔ ከኋላዋ ስሮጥ ልደርስባት አልቻልኩም። ይህን በየትኛው ቢሮ በኩል ልላከው?

ራድያ ዛሬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «አባዬ፣ ለእውነት ነው እንቢ ያልከው ወይስ ለራስህ?» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች። ለየትኛው እንደሆነ እኔም ገና አልለየሁትም። ስለዚህ ብዕሩን አላነሳሁም።

ላዝሃር


ውልጃ
ረቢዑ ሳኒ 25

ላዝሃር፣

ሰላምታውን ዝለለው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ።

እኔ ፈርሜያለሁ። ወረቀቱን እንኳ አላነበብኩትም። ተራራውን ለቅቄ እሄዳለሁ የሚል ቢሆን እፈርም ነበር። የአያቶቻችንን አጥንት ቆፍሬ አስረክባለሁ የሚል ቢሆንም እፈርም ነበር።

አንተ ራድያን አጠገብህ አስቀምጠህ ሽንኩርት እያስከተፍክ በኔ ልጅ ጀግና ሆንክ። ጭስ ስንት ልጅ ወለደልህ? እኔ የወለድኩት አንድ ወንድ ነው። እሱም ላንተ ባለቤት፣ ለአክስቱ ብሎ፣ ጫማውን ሳያስር የሮጠ ነው። ሐዳ ብትኖር እጅህን ይዛ ታስፈርምህ ነበር፤ ታውቀዋለህ። አባቴ በሞተ ጊዜ ስለያዘችው ሊጥ ታወራልኛለህ። እኔ ስለ ሊጥ አልጠየቅሁህም።

የሞተ ሰው አይቸኩልም፣ ላዝሃር። የታሰረ ነው የሚቸኩለው።

እማ ደህና ናት ወይ እያልክ ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ? ደህና ናት አልኩህ። የልጅ ልጇን ስጣት፣ የበለጠ ደህና ትሆናለች።

ያንተ ስም እስኪገባበት ድረስ የኔ ፊርማ ብቻውን ዋጋ የለውም ብለውኛል። ብዕሩን አንሳ። ካላነሳህ ግን ይህን ቤት እርሳው፤ ሐዳም ከሄደች በመካከላችን የቀረ ነገር የለም።

ቡጀምዓ


አይን ሰፍሳፍ
ጀማዱል አወል 6

ለቡጀምዓ፣

ፈርሜያለሁ።

ሻምበሉ «ለማስታወሻ ያዘው፣ ሐጂ» ብሎ ብዕሩን ሰጠኝ። ይህን የምጽፍልህ በዚያው ብዕር ነው፤ የኔው ቀለም ጨርሷል። ሁለቱ ሻምበሎች ከእኔ ጋር ፎቶ ተነሱ። መሃል አቆሙኝ። ፈገግ በል አሉኝ፣ ለዚያ ግን አልፈረምኩም አልኳቸው።

ይህ ደብዳቤና ልጅህ በአንድ መኪና ይመጣሉ። ሐሙዳ ከፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ በኬላው በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ወረቀት ይዞ ይገባልሃል። የላይኛው የፊት ጥርሱ ሁለቱ የሉም። ድምፁ ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልህ ቀን አፉን አይቼዋለሁ። ድምፁ በእርግጥ ደህና ነበር። አልዋሸሁህም፣ እውነቱንም አልነገርኩህም፤ የኔ ውሸት እንደዚህ ነው፤ ንጹሕ እጅ ያለው ውሸት። ይቅር በለኝ።

ቤቴ ገላውን ታጥቦ፣ ኩስኩስ በልቶ፣ ሐዳ መቃብር ላይ ዱዓ አደረገ። ሲነሣ ጉልበቱን እያራገፈ ጠየቀኝ።

«አጎቴ፣ ሁለት ጭስ እንደገና ባይስ?»

«አታይም» አልኩት። «ፈርመንበታል።»

እንደ ሕፃን አየኝ። ከዚያ ራድያን ተሰናብቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ልጅህን መልሼልሃለሁ። እኔና አንተ አልተጣላንም፤ ግን ለጥቂት ጊዜ አትጻፍልኝ። ብትጽፍልኝ የምመልሰው ቃል ምላሴን ያስፈራዋል። ዝምታዬን ለቂም አትቁጠርብኝ፤ ዝም የምለው አንተን የበለጠ ላለመበደል ነው። እማ ተርኪያን እጇን ሳምልኝ።

ላዝሃር


ውልጃ
ረጀብ 3

ለወንድሜ ለላዝሃር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አትጻፍልኝ ብለኸኝ ነበር። አክብሬልህም ነበር። አሁን ግን ሞት መጣ፤ ሞት ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም።

እማ ተርኪያ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሐዳ ጭስ ወዲህ ከአልጋዋ አልተነሣችም። ደህና ናት እያልኩ የጻፍኩልህ፣ ብትሰማ በተራራው በኩል ትመጣለህ፣ እነሱም ይይዙሃል ብዬ ፈርቼ ነው። አንተ ጥርስ ደበቅህ፣ እኔ እናት ደበቅሁ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ራሴ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። እንደ ደንቡ አስመዘገብኩ። ያንተን ስም በመጀመሪያ፣ የራድያን ቀጥሎ አስጻፍኩ። ከቀትር በፊት ይደርሰዋል አሉኝ። እንጨቱ ከቤቴ ጀርባ ተከምሮ ነበር፤ የጥብስ ቅጠሉም ደጃፌ ላይ ነው። እጄን ልዘረጋ አልኩና ለሚንን አየሁት፤ ሲያወራ አፉን በእጁ መሸፈን ለምዷል። እጄን መለስኩ።

አጠብናት፣ ከፈንናት። ሰው ሁሉ የሐዳ ባል አሁን ይመጣል እያለ የኬላውን መንገድ ያያል። ከዐስር ሶላት በኋላም ጠበቅን። ኢማሙ፣ ሰው ሬሳን ይጠብቃል እንጂ ሬሳ ሰውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነውር ነው አለኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ይዘናት ወጣን። በግርጌዋ ለሚን ያዘ። ያ ቦታ ያንተ ነበር። ወላጆችህ በሞቱ ጊዜ ከራሷ ልጆች ሳህን ያጎረሰችህ ሴት ናት።

በእኔ ከተቀየምህ ተቀየም፤ የጻፍኩልህን አውቃለሁ። በሬሳ ግን ሰው አይቀየምም፣ ላዝሃር። ለምን አልመጣህም?

ቡጀምዓ


አይን ሰፍሳፍ
ረጀብ 13

ለወንድሜ፣ ለሐዳ ወንድም፣ ለእማ ተርኪያ ልጅ፣ ለቡጀምዓ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ይርሐማት፣ መቃብሯን ያብራላት፣ አንተንም ያጽናህ።

ለምን አልመጣህም አልከኝ። አልሰማሁም፣ ወንድሜ። ያንተ ደብዳቤ ነው የነገረኝ።

የዚያን ማክሰኞ የት እንደነበርኩ ልንገርህ። ሐልፋ ሣር ልነቅል ወጥቼ ነበር፤ ፊቴ ወደ እናንተ መንደር ነው። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ደመና እንኳ የለም። ካንተ ጋር ከተቆራረጥን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ማዶ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። አየሁ። ምንም የለም። ወገቤን ቀና አድርጌ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም በዚያ ማዶ ሁሉም ደህና ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ያን ጊዜ አንተ እያጠብካት ነበር። እኔ ሰማዩ ባዶ ስለሆነ አላህን አመሰገንኩ።

መፈረሜን አስታውሼ ቢሆን ኖሮ የባዶ ሰማይ ትርጉሙ እንደተለወጠ አውቅ ነበር። ስድሳ ዓመት ያየ ዓይን ግን በአንድ ፊርማ አይታረምም።

ሐሙዳ ደብዳቤህን አምጥቶ፣ እኔና ራድያ ለቅሶ ተቀምጠን፣ ጎረቤት መጥቶ ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ወታደር በሞተር ብስክሌት መጣ። ማስታወቂያውን ይዞ ነው። ማኅተሙ የተሟላ ነው፤ የእናንተ ጣቢያ፣ የጋራ ቢሮው፣ የኛ ጣቢያ። ወረቀቱ እኔና ራድያ በኬላው አልፈን ማክሰኞ ለሚፈጸመው ቀብር እንድንደርስ ይፈቅዳል። ማክሰኞ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው አልኩት። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «አባባ፣ እኔ አድርስ ተባልኩ እንጂ አላነበብኩትም» አለ። ውሃ ሰጠሁት። እሱን ምን አደርገዋለሁ?

ወደ ከተማ ወረድኩ። በእግሬ ከመንገዱ እኩሌታውን ሄድኩ፤ ቁጣዬ እንዲደክም ብዬ ነበር። አልደከመም። ሁለቱ ሻምበሎች እንደ ወትሮው ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ በመሃላቸው የቆምኩበትን ፎቶ ሰቅለውታል። ብዕሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ብዕራችሁን ውሰዱ፣ ፊርማዬን መልሱልኝ» አልኳቸው።

«ሐጂ፣ ፊርማ አይመለስም» አለኝ የኛው።

«እማ ተርኪያም አትመለስም።»

የእናንተው ሻምበል ሐዘኑን ገለጸ። በዚያ ሳምንት የቢሮው ማኅተም ያዥ ፈቃድ ላይ ነበር አለኝ። ይህን ሲለኝ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አላህ ላይ እጥላቸው ነበር። የምባረክን ገዳዮች ለመያዝም ማኅተም ያዡ ከፈቃድ እስኪመለስ የሚጠብቁ ከሆነ፣ አላህ ይድረስልን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? እኔ ዱዓ ያደረግሁት በመካከላቸው የሚያልፈውን ገዳይ እንዲይዙ ነበር። በመካከላቸው የሚያልፈው ነገር ሁሉ እንዲቆም አላልኩም።

መጮህ ፈልጌ ነበር የሄድኩት። አልጮህኩም። ደንቡን አንብቡልኝ አልኩ። አነበቡልኝ። የሞት ማስታወቂያ ለቅርቡ ጣቢያ አስቀድሞ ይሰጥ ይላል። ምን ያህል አስቀድሞ እንደሆነ አይልም። እንግዲያው የኔን መዝግቡልኝ አልኳቸው።

የኛው ሻምበል ያሾፍኩ መስሎት ፈገግ አለ። አላሾፍኩም። የሟች ስም፣ ላዝሃር። መንደሩ፣ አይን ሰፍሳፍ። ለቀብር የሚጠሩ ዘመዶች፣ ቡጀምዓ ከውልጃ፣ ልጁ ለሚን ከውልጃ። የመቃብሩ ቦታ፣ ከሚስቱ ከሐዳ ቀኝ። ጻፈ ጻፈና ብዕሩ ቆመ።

«ቀኑ ባዶ ቀረ፣ ሐጂ።»

«ቀኑን አላህ ይሞላዋል።»

የሚከለክል አንቀጽ ሲፈልጉ ቆዩ። አጡ። የእናንተው ወፍራሙ ተነሥቶ ማኅተሙን ራሱ መታበት፤ ቀጥሎ ጓደኛው። ሲመታ አላየኝም፤ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። እሱም እናት ሳይኖረው አይቀርም።

ስለዚህ ልጄን ዳግመኛ ይይዙብኛል ብለህ አትፍራ። ያንተና የለሚን ስም በሁለቱ አገር ማኅተም ተይዟል፤ የተጠራችሁ ሰዎች ናችሁ። በተራራው አትምጡ፤ በኬላው፣ ራሳችሁን ቀና አድርጋችሁ ኑ። ወረቀቱ እነሱ ጋ አለ። ወረቀቱ የማያውቀው ቀኑን ብቻ ነው።

ጥድ ፈልጬ ከቤቱ ጀርባ ከምሬያለሁ። የጥብስ ቅጠሉን ግን አልቆረጥኩም፤ እርጥብ መሆን አለበት። ለራድያ አሳይቻታለሁ። ቢይዙሽስ አልኳት። «አባቴን ልቀብር ነው ያነደድኩት እላቸዋለሁ፤ እንዳንተ ብዙ አላወራም» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ሐዳ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የኔ ፊርማ የኔን እጅ ያሰረ ነው፤ ያን ቀን እጅ የለኝም። ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት የሚከፍት ካለም ያንብበው፤ እሱንም አሳውቄዋለሁ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ እንዲበርድም ዱዓ ማድረጉን ትቻለሁ። አሁን የምለምነው ሌላ ነው። ነፋስ የሌለበት ጠዋት እንዲሆን።

ወደ ማዶ ማየቱን አትተው፣ ቡጀምዓ። አንድ ነው የሚሆነው።

ወንድምህ ላዝሃር